ዘፋኝ የወደደ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ተከሳሾቹ አስቀድመው ይታወቃሉ። ስልክ አንደኛ፣ ቲክቶክ ሁለተኛ፣ ዘፈን ሦስተኛ። በ2015 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በየቤቱ የጆሮ ማዳመጫውን የተነጠቀ ልጅ ጥቂት እንደማይሆን መገመት ይቻላል። አባት «ይሄ ዘፋኝህ ነው ጉድ የሠራህ» ይላል። እናት ደግሞ «ትምህርቱን እንደ ዘፈኑ ቢይዘው የት በደረሰ ነበር!» ትላለች።

ከሁለቱ የእናትየዋ አባባል ወደ እውነቱ ይጠጋል። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ትምህርት ቤት ከነተማሪው ሲወድቅ ዘፈንን መክሰስ የዋህነት ነው። እናትየዋ ግን ሳታስበው ትልቅ ነገር ጠይቃለች። ልጁ ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይፈትነው፣ አርባ ዘፈን ከነዜማው በቃሉ የያዘው እንዴት ነው? የፊዚክስ ቀመር በሁለተኛው ቀን የሚጠፋበት ልጅ፣ የሚወደው ዘፋኝ የዛሬ ስድስት ዓመት ያወጣውን አልበም አራተኛ ዘፈን ከነትንፋሹ ያውቀዋል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሚማርበትን ቦታ ራሱ መርጧል።

ልጅ አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከቤቱ ውጭ ሰው ይፈልጋል። አባቱን ስለጠላ አይደለም። አባቱ ብዙውን ጊዜ የነገረው ምን መሆን እንደሌለበት ነው፤ ሌባ አትሁን፣ ሰካራም አትሁን፣ እንደ አጎትህ አትሁን። ምን መሆን እንደሚችል በሥጋና በደም የሚያሳየው ሰው ግን ያስፈልገዋል። ያ ሰው ለአንዱ እግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ ለአንዷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ናት። ለብዙዎች ግን ዘፋኝ ነው። ምክንያቱም ዘፋኙ ልጁ ለማንም ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር በአደባባይ፣ ያለ ኀፍረት፣ በጥሩ አማርኛ ወይም በጥሩ ኦሮምኛ ይናገርለታል። ናፍቆትን፣ ክህደትን፣ ድህነትን፣ የእናት ፍቅርን። በሀገራችን ወንድ ልጅ «ከፍቶኛል» ብሎ መናገር የሚችለው በዘፈን ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የሚወዱት ሙዚቀኛ አንድን ልጅ ምን ያህል ሊለውጠው እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወሊሶ ይበቃል።

በ1933 ዓ.ም. የተወለደው ጥላሁን ገሠሠ ያደገው ወሊሶ አያቶቹ ዘንድ ነው። የሚማረው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ሸዳድ የተባሉ ሱዳናዊ ነበሩ። ልጁ ትምህርት ላይ ልቡ እንደሌለ፣ ልቡ ዘፈን ላይ እንደሆነ አይተው ከመቅጣት ይልቅ አዲስ አበባ ሀገር ፍቅር የሚባል ቦታ እንዳለ ነገሩት። የዚያ ዘመን ርእሰ መምህር ይህን ማድረጉ ዛሬም ያስገርማል። ከዚያ አንድ ቀን በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ራሱ ወደ ወሊሶ መጣ። ኢዩኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ የነበሩበት የኪነት ቡድን ለትርኢት ሲመጣ ልጁ ክፍል ጥሎ ወጥቶ ኢዩኤልን አገኘውና ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው። ኢዩኤልም ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ አለው።

ልጁ ይህችን አንዲት ምክር ይዞ በእግሩ ተነሣ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አያቱ ተከትለው ደርሰውበት ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት እንዲያድር አደረጉት። ያድርና ይመለሳል ብለው ነበር። በማግስቱ ልጁ ጭነት በያዘ መኪና ላይ ተደብቆ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ሌላው ታሪክ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲሞት ሀገር ቆሞ ቀበረው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው የልጁ ድፍረት ነው። የሚረሱት ግን በዙሪያው የነበሩት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ርእሰ መምህሩ አየው። ሙዚቀኛው መልስ ሰጠው። አያቱ ደግሞ ከለከሉት። በአያቱ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የልጅ ልጃቸው አዝማሪ ሊሆን ነው ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይፈርድም። ለአዝማሪ ይጨበጨባል፣ ብር ይለጠፍለታል፣ ልጅ ግን አይዳርለትም። አያትየው የፈሩት ዘፈኑን አልነበረም፤ የልጁን ዕጣ ነው። የዛሬ ወላጅም የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ የተለወጠው የሚፈራው ስም ብቻ ነው።

ኢዩኤል ዮሐንስ ያደረገውን ነገር ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለአንድ የገጠር ከተማ ተማሪ፣ በትርኢት መካከል፣ ምናልባት ደክሞት፣ ምናልባት ሊበላ ሲጣደፍ፣ ጆሮ ሰጠው። «ጎበዝ፣ ተማር» ብሎ ራሱን ዳብሶ ቢያልፈው ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን መንገዱን ነገረው፤ አዲስ አበባ ና። ብዙ ዝነኞች ለልጆች የሚያሳዩት ራሳቸውን ነው፤ መኪናቸውን፣ ጫማቸውን፣ ቤታቸውን። ልጁ ከዚህ የሚማረው ማፍጠጥን ነው። መንገድ የሚያሳይ ሙዚቀኛ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ የመርካቶ ልጅ ነው። ጫማ እየጠረገ ያደገ፣ ጥላሁንን የሚያደንቅ፣ ኋላም አሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ይሠራ የነበረ ወጣት። ክለቡ ውስጥ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ እሱ ይሠራል፣ ያዳምጣል። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ «እኔ ልዝፈን» አለና ፈቀዱለት። ይህን ታሪክ የዕድል ታሪክ አድርጎ መናገር የተለመደ ነው። ዕድሉ ግን የአንድ ምሽት ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ማዳመጥ ዕድል አይደለም፤ ትምህርት ነው። መድረኩ ላይ ሲወጣ ዘፈኖቹን አውቋቸው ነበር። የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የት ድምፅ እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል። ማንም አላስተማረውም፤ የሚወዳቸው ዘፋኞች ግን በየምሽቱ አስተምረውት ነበር።

በዚያው ዘመን ዓለማየሁ እሸቴ ኤልቪስ ፕሪስሊን ወዶ ነበር። ፀጉሩን እንደ እሱ አበጥሮ፣ አለባበሱን እንደ እሱ አድርጎ የእሱን ዘፈኖች ይዘፍን ነበር። የሰፈር ሽማግሌ ያኔ ቢጠየቅ «ይህ ልጅ ጠፍቷል፣ ፈረንጅ ሆኗል» ባለ ነበር። ልጁ ግን ፈረንጅ አልሆነም። ፖሊስ ኦርኬስትራ ገብቶ አማርኛ ዘፈነ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የመጀመሪያውን የግል ሸክላ ሲያሳትም በሸክላው ላይ የነበረው የዓለማየሁ ድምፅ ነው። ከኤልቪስ የቀረው መድረክ ላይ አለመፍራቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ የራሱ ሆነ።

መኮረጅን እንደ ነውር የሚያዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። «የራስህ ማንነት የለህም ወይ?» ይላሉ። በአሥራ አምስት ዓመቱ የራሱ ማንነት ያለው ሰው ማን ነው? የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ ትምህርትም ቢሆን የሚጀምረው በመኮረጅ ነው። ቆሎ ተማሪው የኔታ ያሉትን ይላል፣ የኔታ ያነሡትን ያነሣል፣ የኔታ የጣሉትን ይጥላል። ዓመታት እንዲህ ይሄዳሉ። ከዚያ ነው የራሱ ድምፅ የሚመጣው። የኔታን መስሎ ያልጀመረ መሪጌታ የለም። ልዩነቱ የኔታ ተማሪያቸውን ማረማቸው ነው፤ «እንዲህ አይደለም፣ ድገመው» ይላሉ። ዘፋኝ የወደደ ልጅ ግን የሚያርመው የለም። ብቻውን ነው የሚኮርጀው።

ሌላው መነገር ያለበት ነገር ቀድሞ በሮች ነበሩ። ጥላሁን ሲመጣ የሚያንኳኳው ሀገር ፍቅር ነበር። ክብር ዘበኛ ነበር፣ ፖሊስ ነበር፣ ጦር ሠራዊት ነበር። እነዚህ ቦታዎች ደመወዝ ይከፍሉ ነበር፣ ልምምድ በሰዓቱ ነበር፣ የዘገየ ይቀጣ ነበር፤ ወታደር ቤት ነውና። የዘመኑ ሙዚቃ ወርቃማ ተብሎ የሚጠራው ልጆቹ የተለየ ተሰጥኦ ስለነበራቸው ብቻ ሳይሆን ተሰጥኦውን የሚያስር ሥርዓት ስለነበረ ነው። በደርግ ጊዜም የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ነበሩ። ዓላማቸው ቅስቀሳ እንደነበር ይታወቃል፤ ስንቱ ልጅ ሳይወድ በግዱ ስለ አብዮቱ ዘፍኗል። ሆኖም ኦርጋን የነካ፣ ማይክ የያዘ፣ ሰው ፊት የቆመ ልጅ በየቀበሌው ነበር። ዛሬ የሚደነቁት ድምፆች ጥቂቶቹ ከዚያ የወጡ አይደሉም።

አሁን ያለው በር ስልክ ነው። ስልክ መጥፎ ብቻ አይደለም። ክራር መማር የሚፈልግ ልጅ ጎንደርም ይሁን ሐዋሳ ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ሰው ያገኛል፤ ይህ ቀድሞ የማይታሰብ ነበር። ቨርጂኒያ የተወለደች ልጅ አማርኛን የምትሰማው ከእናቷ ቁጣና ከአስቴር አወቀ ዘፈን ነው፤ ቁጣውን ረስታ ዘፈኑን ብትይዝ ማን ይፈርድባታል? ችግሩ ሌላ ነው። ስልኩ ዘፈኑን ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ልጁ አዝማቹን ያውቃል፣ ሦስተኛውን ስንኝ አያውቅም። ወርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ሦስተኛው ስንኝ ውስጥ ነው። ዘፈኑን ሳይጨርስ የዘፋኙን ጠብ ይሰማል፣ ፍቺውን ይሰማል፣ ከማን ጋር እንደተሰዳደበ ይሰማል። ስለዚህ የሚያሳድገው ሥራው መሆኑ ይቀርና ወሬው ይሆናል።

ወሬው ደግሞ ቲፎዞ ይፈጥራል። እዚህ ላይ ነገሩ ከቤት ወጥቶ ሀገር ይሆናል። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን ሲያወጣ ስለ ዐድዋ ከፈተና በቀር አስቦ የማያውቅ ስንት ወጣት መጽሐፍ ፍለጋ ገባ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የታሪክ መምህራን በዓመታት ያላደረጉትን አንድ አልበም አደረገው ቢባል መምህራኑም አይቀየሙም። በዚያው ዘፈን ደግሞ ሌላው ወጣት ተቆጣ፤ የእኔ አያት ታሪክ የት አለ ብሎ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዘፋኙ የኮንሰርት ጉዞ በቢራ ፋብሪካ ላይ በተጠራ ዘመቻ ምክንያት ስፖንሰሩን አጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ ለአንዱ ልጅ መኩሪያ ለሌላው ቁስል ሆነ።

ሃጫሉ ሁንዴሳ ደግሞ ገና ተማሪ ሳለ ታስሮ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች እስር ቤት ውስጥ ያዘጋጀ ልጅ ነው። ለአንድ ትውልድ የኦሮሞ ወጣቶች አንደበት ነበር፤ እነሱ ሊሉት ፈልገው ቃል ያጡለትን እሱ ብሎታል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ሲገደል የሆነውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ብዙ ሰው ሞተ፣ ከተሞች ተቃጠሉ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። ልጆች የሚወዱት ዘፋኝ ተራ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሥልጣን ካለ ያችን ሳምንት ይመርምር። ለዘፋኝ ያለቀሰ ወጣት የሚያለቅሰው ለራሱ ነው። ሌላ አንደበት ቢኖረው፣ የሚሰማው ምክር ቤት ቢኖረው፣ የሚሰማው አባት ቢኖረው ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ድምፅ ላይ አይጭንም ነበር። ዘፋኙም ያን ሸክም ለብቻው አይሸከምም ነበር።

ይህ ለሴቶች ልጆች ሲሆን እጥፍ ይከብዳል። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ ቻግኒ ስታድግ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤታቸው ከሚመጡ ቄስ ተምራለች። በ1993 ዓ.ም. ግድም አሜሪካ ያወጣችው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተዋል፤ ስለ ዐባይ፣ ስለ ዐድዋ የዘፈነችበት አልበም ነው። ዛሬ አንዲት የገጠር ተማሪ ጂጂን ወድዳ «እንደ እሷ እሆናለሁ» ብትል ግን መጀመሪያ የምትሰማው «ዘፋኝ ልትሆኚ? ማን ሊያገባሽ?» የሚለውን ነው። ለወንዱ ልጅ «ሥራ ፍታ» ይባላል፤ ለሴቷ ስሟ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ሴቷ የምትወዳት ዘፋኝ ከዜማ በላይ የሆነ ነገር ትሰጣታለች፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ሺህ ሰው ዝም ብሎ ሊያዳምጣት እንደሚችል ማየት። ይህን ሌላ የት ታየዋለች?

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ዘፈኑን አብሮ ያዳምጥ። ቀላል ይመስላል፤ ከባድ ነው። አንድ ሙሉ ዘፈን፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳያቋርጡ፣ «ይሄም ዘፈን ነው? በእኛ ጊዜ...» ሳይሉ። ከዚያ ይጠየቅ፤ ይህ ስንኝ ምን ማለት ነው? ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ሠራው? አብዛኛው ልጅ የይልማ ገብረአብን ግጥሞች በቃሉ ያውቃል፤ ይልማን ግን አያውቀውም። የአበበ መለሰን ዜማ ያንጎራጉራል፤ ማን እንደሠራው ግን ጠይቆ አያውቅም። ከድምፁ ጀርባ ገጣሚ እንዳለ፣ ዜማ ደራሲ እንዳለ፣ አቀናባሪ እንዳለ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ባለሙያ እንዳለ ያወቀ ልጅ ዝናን ትቶ ሥራን ማየት ይጀምራል። ዘፋኝ የመሆን ድምፅ የሌለው ልጅም ያን ጊዜ ገጣሚ ሊሆን፣ ጋዜጠኛ ሊሆን፣ ድምፅ ቀራጭ ሊሆን እንደሚችል ይታየዋል። አብዛኛዎቹ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም አይሆኑም፤ ሂሳብ ሠራተኛ ይሆናሉ፣ ነርስ ይሆናሉ። እነሱም ቢሆኑ ቋንቋቸው የተሻለ፣ የሌላ ሰው ሐዘን የሚገባቸው ሂሳብ ሠራተኛና ነርስ ይሆናሉ።

ሙዚቀኛውም ነፃ አይደለም። «እኔ ዘፋኝ ነኝ እንጂ አሳዳጊ አይደለሁም» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልቀጠራቸውም። ግን ከኮንሰርት በኋላ በር ላይ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ፎቶ ተነሥቶ መሸኘት ይቻላል፤ የት እንደሚለማመድ መጠየቅም ይቻላል። ወሊሶ ላይ የጠፋው ጊዜ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው።

በሩን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ የመንግሥት ነው። በየወረዳው የወጣት ማእከል የሚል ጽሑፍ ያለበት ሕንፃ አለ። ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፑል ጠረጴዛ፣ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ፣ የስብሰባ አዳራሽና የተቆለፈ ክፍል ነው። የተቆለፈው ክፍል ውስጥ አንዳንድ ቦታ ለበዓል የተገዛ ኪቦርድ ከነካርቶኑ አለ፤ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ነው። ልጆቹ የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በዚያው ከተማ አሉ። ከእነሱ አንዱን በሳምንት ሁለት ከሰዓት ቀጥሮ ያንን ክፍል ማስከፈት፣ ወረዳው ለአንድ ስብሰባ ከሚከራየው ድንኳንና ድምፅ ማጉያ የበለጠ ወጪ ይጠይቃል ወይ?